ወደ ቦታው ያልተመለሰ ምላጭ፦ የአንድ ሲሞኖቭ የጉዳይ ጥናት ከጅማ

ወሩ ነሐሴ ነው። ጅማ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሯል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በአጋሮ መንገድ ባለ አንድ የቡና መጋዘን፣ የማታው ዘበኛ ሲሞኖቭ ጠመንጃቸውን ለቀኑ ተረኛ ሊያስረክቡ ነው። እንደ ደንቡ ካዝናውን ከታች ከፍተው ጥይቱን አወጡ። መዝጊያውን ስበው ውስጡን አዩ፤ ባዶ ነው። አፈሙዙን አሸዋ ወደ ተሞላው በርሚል አዞሩና ምላጩን ሳቡ። መዶሻው ቀጭ አለ። ጣታቸውን አነሱ። ምላጩ ግን ወደ ኋላ እንደተሳበ ቀረ።

«ልጄ፣ ይቺ ነገር ዛሬ ምን ሆነች?» አሉኝ።

እኔ የመጋዘኑ የጥበቃ ኃላፊ ነኝ። ከዚህ በፊት ሠራዊት ውስጥ በመሣሪያ ጥገና ክፍል ሠርቻለሁ። ምላጭ ስል ጣት የሚስበውን ትንሽ ብረት ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ቃታ ይለዋል። እኛ ጋ ምላጭ ነበር የሚባለው፤ እዚህም በዚያው ልቀጥል። ጠመንጃው የድርጅቱ ነው፣ ፈቃድ አለው። ይህን የምለው በምክንያት ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ፣ ያለፈቃድ መሣሪያ መያዝ ምን እንደሚያስከትል የጥበቃ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

ጠመንጃውን ተቀብያቸው ባዶነቱን እንደገና በዓይኔም በጣቴም አረጋገጥኩ። ምላጩን በጥፍሬ ወደ ፊት ገፋሁት፤ እየጎተተ ሄደ፣ ልክ ማር ውስጥ እንዳለ ነገር። ከዚያ መዝጊያውን ስቤ ለቀቅኩት። መዶሻው ተወጥሮ መቆየት ነበረበት፤ አልቆየም። መዝጊያውን ተከትሎ ወደ ፊት ሄደ።

እዚህ ላይ ሆዴ ቦጭ አለ። እንደዚህ ያለ ጠመንጃ ጥይት አቀባብላችሁ መዝጊያውን ስትለቁ፣ ምላጩን ማንም ሳይነካው ሊባርቅ ይችላል። ሁልጊዜ ይባርቃል ማለት አይደለም። መዶሻው ተከትሎ ሲሄድ ጉልበቱ ያንሳል። ግን አንድ ጊዜ ይበቃል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቡና ለቃሚ እናቶች በሩ ላይ ይሰበሰባሉ። ከእኛ እስከ እነሱ ሃያ እርምጃ አይሞላም።

ጠመንጃውን ከሥራ አወጣሁት። የዚያን ቀን ሌላ ተካን።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት

ነሐሴ ነው፣ ጅማ ነው። መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው ዝገት ነበር። እዚህ አገር ዝናቡ ክረምትን አይጠብቅም፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይመላለሳል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጃኬት ሻጋታ የሚያወጣበት ከተማ ነው። መሣሪያው ደግሞ ማታ ማታ የሚገባው በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ነው። እርጥብ ጨርቅ ውስጥ የገባ ብረት ደጅ ከተሰቀለው ቀድሞ ይዝጋል። ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ሞላው ነበር። ሞላ ይደክማል፣ ይሰበራል።

ሁለቱም ሳይሆኑ ቀሩ። የምላጩን ቤት፣ ማለትም ምላጩና መዶሻው አብረው የተቀመጡበትን ክፍል፣ አውጥቼ ፀሐይ ላይ ስይዘው ዝገት የለም። ሞላዎቹ ደህና ናቸው። ያየሁት ሌላ ነገር ነው። በመዶሻው ሥርና በፒኖቹ ዙሪያ ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ ሙጫ ተጋግሯል። የቡና ብናኝ ተለጥፎበታል። ጀንፈል ሲፈለፈል የሚነሳውን ያንን ቀላል ገለፈት ታውቁታላችሁ፤ በየስንጥቁ ይገባል። ሙጫውን በጥፍሬ ቧጨርኩት፤ እንደ ሰም ተጠቀለለ። አሸተትኩት። ወጥ ቤት ወጥ ቤት አለኝ።

«ጋሼ፣ ይሄን በምን ነው የሚቀቡት?»

«በኑግ ነው እንጂ በምን ይሆናል? በየሳምንቱ ነው የማጠጣት። አንድም ሳምንት አልዘለልኩም።»

እውነታቸውን ነው። በጥበቃዎቻችን ሁሉ መሣሪያውን እንደሳቸው የሚወድ የለም። ሰደፉን ሳይቀር ይወለውሉታል። ዘይቱን ቤታቸው ካለው ጠርሙስ በብልቃጥ ቀድተው ያመጣሉ፣ በመዝጊያው በኩል ያፈሱበታል፣ እስኪንጠባጠብ። ችግሩን ያመጣው ይሄው ትጋት ነው። ለዚህም ነው ጉዳዩን ለመጻፍ የፈለግኩት። ጀማሪን ቸልተኛ አትሁን ብሎ መምከር ቀላል ነው። ተጠንቅቆ የሚያበላሸውን ሰው ግን ማን ይነግረዋል?

ኑግ ለምን ሙጫ ይሆናል?

ወጥ ቤት ያለች ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች። የኑግ ዘይት ጠርሙስ አፉ ላይ የቀረው ዘይት ከጊዜ በኋላ ይጣበቃል። ክዳኑ አልከፈት ይላል። ኑግ እንደ ተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ እያለ የሚጠነክር የዘይት ዓይነት ነው። አይተንም፣ አይደርቅም እንደ ውሃ፤ ራሱ ወደ ሙጫነት ይለወጣል።

ምጣድ አስቡ። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ይሟሻል። የዘሩ ዘይት ከሙቀቱ ጋር ሸክላው ላይ ይጠነክርና ያ ጥቁር፣ ለስላሳ ገጽ ይወጣል። እንጀራው ሳይጣበቅ የሚነሳው ለዚህ ነው። ምጣዱ ላይ የምንፈልገው ይህ ጠባይ ምላጭ ውስጥ ሲገባ ጠላት ይሆናል። ሙቀት ባይኖርም ወራት ይበቁታል። በየሳምንቱ አዲስ ዘይት ሲጨመር ደግሞ ሽፋን በሽፋን ላይ ይደራረባል። ሰውየው ምላጩ ከበድ ባለ ቁጥር ዘይት ጨመሩ። ዘይት በጨመሩ ቁጥር ትንሽ ቀን ይለሰልሳል፤ ከዚያ ካለፈው ይብሳል።

ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ

ሲሞኖቭ የምንለው ሰርጌይ ሲሞኖቭ የነደፈው የሶቪየት ጠመንጃ ነው። 7.62 በ39 ሚሊሜትር ጥይት ይጎርሳል፤ ካዝናው 10 ይይዛል። አንድ ጊዜ ምላጭ ሲሳብ አንድ ጥይት ይተኩሳል፣ ቀጣዩን ራሱ ያጎርሳል።

የምላጩ ቤት ውስጥ መዶሻ አለ፣ በጠንካራ ሞላ የተወጠረ። መዶሻውን ይዞ የሚያቆየው አንድ ጥርስ ነው። ጥርሱ በጠባብ መንገድ ላይ ይንሸራተታል። ምላጩ ሲሳብ ጥርሱ ወደ ፊት ይገፋል፣ መዶሻው ያመልጣል፣ መርፌውን ይመታል፣ መርፌው የጥይቱን ቂጥ ይመታል። ከዚያ መዝጊያው ወደ ኋላ ሲመለስ መዶሻውን ያስተኛዋል። ጥርሱም በትንሽ ሞላ ተገፍቶ ወደ ቦታው ተመልሶ መዶሻውን መያዝ አለበት። ሁሉ ነገር የቆመው በዚህች መመለስ ላይ ነው። የመዶሻው ሞላ ጉልበተኛ ነው፤ ሙጫም ቢኖር ጥሶ ያልፋል። የጥርሱና የምላጩ ሞላዎች ግን ትንንሽ ናቸው። ሙጫ መጀመሪያ የሚያሸንፈው እነሱን ነው። ስለዚህ ምላጩ ሲዘገይ ታያላችሁ፣ መሣሪያው ግን አሁንም ይተኩሳል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። «ይተኩሳል እኮ!» ይላል።

በዚህ ጠመንጃ ላይ መቆለፊያው፣ ሳይታሰብ እንዳይተኮስ የሚደረገው ማገጃ፣ የሚያግደው ምላጩን ብቻ ነው። ጥርሱንም መዶሻውንም አይይዝም። ጥርሱ ሙጫ ውስጥ ከቀረ መቆለፊያው የሚያድናችሁ ነገር የለም።

እንዴት እንዳጸዳነው

የቀኑ ተረኛ ወጣት ነው። ወንድሙ ሚኒባስ ይነዳል። «ከወንድሜ የሞተር ዘይት ላምጣ?» አለኝ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጥላሸትና የብረት ብናኝ ይዞ ነው የሚመጣው፤ እንኳን ለምላጭ ለበር ማጠፊያም አይሆንም። አዲሱ ደግሞ ወፍራም ነው፣ ብናኝ ይሰበስባል። «እሺ ደብሊውዲ ፎርቲ እንርጨው?» አለ። እሱ ውሃ ለማባረር ጥሩ ነው፤ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። ዝናብ የመታውን ብረት ለማድረቅ እኔም እጠቀምበታለሁ። የጠነከረ ሙጫ ላይ ረጭቶ መሄድ ግን ቆሻሻውን ከአንድ ጥግ ወደ ሌላ ጥግ መውሰድ ነው። ከላዩ ይለሰልሳል፣ ሳምንት ሳይሞላ ይመለሳል።

ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀመጥን። ይህን አትዝለሉት። ጠመንጃና ጥይት አንድ ጠረጴዛ ላይ አይጸዱም። ካዝናውን ከፍተን ተውነው፤ መዝጊያውን ስበን በርሜሉን አየን፣ በጣትም ዳሰስን። መቆለፊያው ወደ ላይ ከተደረገ በኋላ ምላጩን ከከበበው ብረት በስተኋላ ያለችውን መያዣ ጫን ስትሏት ቤቱ ብቅ ይላል፤ ስባችሁ ታወጡታላችሁ። አንዳንዱ ሰው በጥይት ጫፍ ይጫናታል። እባካችሁ ተዉ፤ ወፍራም ምስማር ይበቃል።

ቤቱ በእጃችሁ ሲገባ አውራ ጣታችሁን መዶሻው ላይ አሳርፉ። ሞላው ጣት ይሰብራል ባልልም ጥፍር ያነሳል። ከጠመንጃው ውጭ ምላጩን ለጨዋታ አትሳቡ፤ መዶሻው የራሱን ቤት እየመታ ይጎዳዋል።

ጀማሪ ከሆናችሁ እዚህ ላይ ቁሙ። ፒን አታውጡ። ሞላ አትፍቱ። ቤቱ ሳይፈታ እንዳለ ታጥቦ እንዳለ መድረቅ ይችላል። ፒን ያወጣ ጀማሪ መሸት ሲል አንዲት ሞላ ወለል ላይ ሲፈልግ ታገኙታላችሁ። ከዚያ በላይ የሆነ ጥገና ፈቃድ ላለው ባለሙያ ነው።

አንድ የቆርቆሮ ጣሳ ላምባ ሞላንበትና ቤቱን ነከርነው። ደጅ፣ ከምድጃ ርቀን። በረንዳው ላይ ቡና እየተፈላ ነበር፤ ከሰሉን አርቁልን ብዬ አስነሳሁ። ቤንዚን ግን በፍጹም አይሞከርም፤ በትንሽ ፍም ከሩቅ ይያያዛል። ሙጫው የአንድ ዓመት ሥራ ስለሆነ በአንድ ሰዓት አልለቀቀም። አድሮ ጠዋት ስናወጣው ለስልሷል።

አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሰፊውን ቦታ ጠረገ። ብሩሹ የማይደርስበት ቦታ፣ ጥርሱ የሚንሸራተትበት ጠባብ መንገድ፣ ችግር ሆነ። ወጣቱ ቢላዋ አነሳ። ከእጁ ተቀበልኩት። መዶሻውና ጥርሱ የሚገናኙበት ገጽ ፋብሪካ ውስጥ ተለክቶ የወጣ ነው። ብረት በብረት ስትፍቁ ትቧጭሩታላችሁ። አንዳንዱ «ምላጩ እንዲቀል» ብሎ ሞረድ ያሳየዋል። ያ ሰው ጠመንጃ አልጠገነም፤ የሚባርቅ ነገር ሠራ።

ጋሼ ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው ከኪሳቸው መፋቂያቸውን አወጡ። ጫፉን በምላጭ አሾሉት፤ በጢም ምላጭ ማለቴ ነው። አጎንብሰው ያንን ጠባብ መንገድ በትዕግሥት ፈለፈሉት። እንጨቱ ብረቱን አይነካውም፣ ሙጫውን ግን ይገፋዋል። ከውስጥ የወጣው ነገር አንድ የሽንብራ ፍሬ ያክላል። መዳፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። ጥቁር ነው፤ የቡና ገለፈት ቁርጥራጭ ይታይበታል።

«ይሄን ሁሉ እኔ ነኝ ያበላኋት?» አሉ።

ለሁለተኛ ጊዜ በንጹህ ላምባ አጠብነው። በጥጥ ጨርቅ ጠረግነው። ፀሐይ ላይ አቆየነው፤ ነሐሴ ላይ ጅማ ፀሐይ የምትሰጠው ጥቂት ሰዓት ነው፣ ተሻምተን ነው ያገኘናት። ብረቱ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ዘይት መቀባት እርጥበቱን ከሥር መቅበር ነው።

ዘይቱ

የተጠቀምነው የስፌት መኪና ዘይት ነው። መርካቶ ገበያ ክር የሚሸጡበት ሱቅ ሁሉ አለ። ቀጭን ነው፣ ንጹህ የማዕድን ዘይት ነው፣ እንደ ኑግ ሙጫ አይሆንም።

መጠኑን ጋሼ በዓይናቸው እንዲያዩ ፈለግኩ። የስፌት መርፌ ጫፍ ዘይቱ ውስጥ ነክሬ አወጣሁ። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለችው ጠብታ ለአንድ ፒን ትበቃለች። መዶሻው በሚዞርበት ፒን ግራና ቀኝ፣ ምላጩ በሚዞርበት ፒን ግራና ቀኝ፣ ጥርሱ በሚንሸራተትበት መንገድ ላይ አንድ፣ መዶሻና ጥርስ በሚገናኙበት ገጽ ላይ ደግሞ በጣት የተዳሰሰች ያህል ብቻ። ከዚያ ሁሉንም ጥቂት ጊዜ አንቀሳቅሰን የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግነው። ብረቱ ሲያዩት እርጥብ መምሰል የለበትም። ጣት ስታሳርፉበት ቅባቱ ይሰማችኋል፤ ጣታችሁ ላይ ግን የሚታይ ነገር አይቀርም።

«ይቺ ብቻ?» አሉ ጋሼ። ቅር ብሏቸዋል።

ለምን ብዙ እንደማይሆን ነገርኳቸው። የተረፈ ዘይት ብናኝ ይጠራል፤ እኛ ደግሞ የምንኖረው ብናኝ ውስጥ ነው። ወደ ኋላ ሲፈስ ሰደፉ ይጠጣዋል፣ እንጨቱም ከጊዜ ብዛት ይለሰልሳል። ወደ ፊት ሲፈስ ጥይቱ ጋ ይደርሳል፤ ዘይት የገባበት ጥይት ሊከሽፍ ይችላል።

መርፌውን ረስተን ልንገጥም ነበር

አንድ ነገር ሊያመልጠን ነበር። ዘይቱ የፈሰሰው በመዝጊያው በኩል ነው ብያለሁ። ታዲያ መዝጊያው ውስጥ ያለው መርፌስ?

አብዛኛው ሲሞኖቭ መርፌውን ወደ ኋላ የሚመልስ ሞላ የለውም። መርፌው ቤቱ ውስጥ በነፃነት ነው የሚመላለሰው። መዝጊያውን አውጥታችሁ በጆሯችሁ አጠገብ ብትነቀንቁት ቅጭልጭል ማለት አለበት። የእኛ ዝም አለ። መርፌው በሙጫ ተይዞ ወደ ፊት ብቅ ብሎ ከቀረ መዝጊያው በተዘጋ ቁጥር ጥይቱን ራሱ ይመታል። ምላጭ ሳይሳብ ይተኩሳል፤ ካዝናው እስኪያልቅም ሊቀጥል ይችላል። ከምላጩ ይልቅ ይሄኛው ያስደነግጠኛል። መዝጊያውንም ላምባ ውስጥ አሳደርነው። በማግሥቱ ጋሼ ራሳቸው አንስተው ነቀነቁት። ቅጭልጭል ሲል ሳቁ። መርፌው ቤት ውስጥ ዘይት አልጨመርንም፤ ደረቅ ነው የሚሻለው።

ፍተሻው

ገጠምነው። ጥይት አጠገባችን አልነበረም፤ ሌላው ክፍል ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ባዶ ካዝና መዝጊያውን ከኋላ ስለሚያስቀረው ካዝናውን ከታች እንደተከፈተ ተውነው።

መዝጊያውን ስበን ለቀቅን፤ መዶሻው ተወጥሮ ቆየ። መቆለፊያውን አድርገን ምላጩን ጠበቅ አድርገን ሳብን፤ ምንም የለም። መቆለፊያውን ስናነሳም መዶሻው አልወደቀም፤ ይህችን ብዙ ሰው አይፈትሽም። ከዚያ ምላጩን ሳብን፣ ቀጭ አለ። ጣታችንን ሳናነሳ መዝጊያውን እንደገና ስበን ለቀቅን። መዶሻው አልተከተለም። ጣታችንን ቀስ ብለን ስናነሳ ምላጩ ከጣት ጋር እኩል ተመለሰ። እንደገና ስንስብ ቀጭ። በመጨረሻ መዶሻው እንደተወጠረ ሰደፉን በጫማ ሶል መታ መታ አደረግነው። መዶሻው ጸንቶ ቆመ። ይህን ሁሉ ሃያ ጊዜ ደጋገምነው። አንድ ጊዜ መሥራቱ ለእኔ ፍተሻ አይደለም።

ከዚያ በኋላ

ሁለት ነገር ለወጥን። ማታ ከረጢት ውስጥ ማስገባት ቀርቷል፤ መሣሪያው ደረቅ ክፍል ውስጥ፣ ሰንሰለት ባለው መደርደሪያ ላይ ይቆማል። ርክክብ ላይ ደግሞ አንዲት ነገር ጨመርን። ባዶነቱ ተረጋግጦ ምላጩ ከተሳበ በኋላ፣ ተረካቢው ጣቱን ቀስ ብሎ እያነሳ ምላጩ መከተሉን ያያል። ካዘገመ መሣሪያው በዚያው ይቀራል፣ እኔ እጠራለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ሲዘገይ የቆየ ምላጭ ነበር፤ ማንም ያላየው የሚያየው ስላልነበረ ነው።

የምላጩ ቤት የሚወጣው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ክረምቱ ሳይገባና ሲወጣ። በመሀሉ ዝናብ ከመታው ይጠረጋል፣ ይደርቃል እንጂ በየሳምንቱ አይጠጣም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ አዲሱ ቡና መግባት ሲጀምር፣ ከፍቼ አየሁት። ትንሽ ብናኝ ነበር፤ በደረቅ ብሩሽ ለቀቀ። ሙጫ የለም። ጋሼ አጠገቤ ቆመው ነበር። የኑጓን ብልቃጥ አጥበው የስፌት መኪና ዘይት ሞልተውባታል፣ ክዳኗ ላይም መርፌ ሰክተውበታል። መርፌውን ነክረው አወጡና ጠብታዋን አሳዩኝ።

«ይቺን ያህል?»

«ልክ ይቺን ያህል፣ ጋሼ።»